ፖለቲካ ስንከራከር ድንበሩ የት ላይ ነው? ስድብ መከልከል ብቻ ይበቃል?

አወያይዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አብረን የተማርን ሰዎች የምንገናኝበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አድሚኗ እኔ ነኝ። ድሮ ፖለቲካ ጨርሶ አይነሳም ነበር። በኋላ ሰዉ ራሱ "ስለ ሥራና ስለ ልጅ ብቻ እስከ መቼ" እያለ ስላስቸገረ ተፈቀደ። ሲፈቀድ አንድ ሕግ ብቻ ወጣ፦ ስድብ ክልክል ነው። የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ተዘጋጅቶ ለቦት ተሰጠ። ከዝርዝሩ አንዷን የጻፈ ሰው መልእክቱ ወዲያው ይጠፋል።

አሁን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ሁለቱም የሆኑት በቅርቡ ነው።

አንዱ ልጅ ስለ አንድ የግብር ሕግ ሲጽፍ ክፉኛ ተናዶ ነበር። ሥራውን ሊያዘጋበት እንደሚችል ነው የሚያወራው። ቁጥር ጠቅሷል፣ አንቀጽ ጠቅሷል፣ መጨረሻ ላይ ሕጉን በአንዲት ፀያፍ ቃል ጠራው። ማንንም ሰው አልነካም። ቦቱ አጠፋበት። መልሶ ጻፈ፣ መልሶ ጠፋ። ከዛ "ተውኩት በቃ" ብሎ ግሩፑን ለቆ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ቁጥርና አንቀጽ ማንም ምንም ሳያነብ ቀረ።

ሌላው ሰውዬ ደግሞ ረጅም፣ ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር የተስተካከለ ጽሑፍ ለጠፈ። አንድም ፀያፍ ቃል የለበትም። "በታላቅ አክብሮት" ብሎ ይጀምርና "አመሰግናለሁ" ብሎ ይጨርሳል። መሃሉ ላይ ግን "እነዚያኞቹ" ይላል፣ የተቃራኒውን ወገን ደጋፊዎች በሙሉ ማለቱ ነው፣ በተፈጥሯቸው የማይታመኑ ናቸው፣ በሽታ ናቸው፣ ካልጸዱ አገር አይድንም ይላል። ቦቱ ዝም አለ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገው። ግሩፑ ውስጥ ካሉት "እነዚያኞች" አንዷ በውስጥ መስመር መጥታ "ይሄ እኔንም ይጨምራል?" ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት ጠፋኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሕጉን እንዴት ልጻፈው? ፖለቲካን መልሼ ልዝጋና ልረፍ እንዳልል፣ የሚያጨቃጭቀን ነገር ሁሉ የሁላችንንም ኑሮ የሚነካ ነው። የት እንነጋገርበት ታዲያ? ቃላት መከልከሉን ልተው? ወይስ ዝርዝሩን ላስረዝመው?


ማዶ_ተመልካች፦

እህቴ፣ ዝርዝሩን ብታስረዝሚውም ሁለተኛው ሰውዬ አይነካም። እንደዚህ ዓይነት ሰው ቃል አይጎድለውም። አንዱን ስትዘጊበት በሌላው ይመጣል፣ ያውም ይበልጥ ጨዋ በሆነው።

ሁለቱን ገጠመኞችሽን ሳነብ ሁለት የታወቁ ታሪኮች ትዝ አሉኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

1968 ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፖል ኮኸን የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ለቬትናም ጦርነት የሚደረገውን የግዳጅ ምልመላ በፀያፍ ቃል የሚያወግዝ ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለብሶ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ታየ። አልጮኸም፣ ማንንም አላስፈራራም። ተይዞ 30 ቀን እስር ተፈረደበት። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ 1971 ላይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፍርዱ ተሻረለት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሃርላን ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ በጣም ይገባኛል። ሰው ቃል የሚመርጠው ሐሳቡን ለማስተላለፍ ብቻ አይደለም፣ ምን ያህል እንደተሰማው ለማሳወቅም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ስትቆርጡበት ከሐሳቡም አብራችሁ ትቆርጣላችሁ ነው ነገሩ። የእናንተም ልጅ የሆነው ይሄው ነው። ቃሏ ስትቆረጥ ቁጥሩም አንቀጹም አብሮ ሄደ።

ሁለተኛው ሩዋንዳ ነው። አርቲኤልኤም የሚባለው ሬዲዮ 1993 ላይ ሥራ ሲጀምር ዘፈን ያጫውታል፣ ይቀልዳል፣ ወጣቱ ይወደው ነበር። ቱትሲዎችን ደግሞ በረሮ እያለ ይጠራቸው ነበር። በረሮ ፀያፍ ቃል አይደለም። ማንም አድሚን ዝርዝር ውስጥ አያስገባውም። 1994 ላይ ግድያው ሲጀመር ያው ሬዲዮ የሚታደኑ ሰዎችን ስምና ያሉበትን ቦታ በአየር ላይ ያነብ ነበር። ከመሥራቾቹ ሁለቱና የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ 2003 ላይ አሩሻ በነበረው ዓለም አቀፍ የወንጀል ችሎት ጥፋተኛ ተብለዋል።

ሰውዬሽ የዘር ማጥፋት ሊፈጽም ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዳይመስልሽ። ግን "በሽታ ናቸው፣ ይጽዱ" የሚለው አነጋገር ከየት ቤት እንደመጣ ማወቅ ደግ ነው። ሰውን ከሰው ተራ የሚያወጣ ንግግር ብዙ ጊዜ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

እኔ ብሆን ሕጉን እንዲህ አደርገዋለሁ። ፖሊሲ፣ ሕግ፣ ውሳኔ፣ ንግግር፣ ፓርቲ፣ ባለሥልጣን በሥራው፣ እነዚህን የፈለገ በፈለገው ቃል ይውቀሳቸው። ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው ላይ ሲሆን ግን ቃሉን ያዝ ያድርግ። ሰዎችን በጅምላ፣ በማንነታቸው ወይም በደጋፊነታቸው፣ ከሰው በታች የሚያደርግ ነገር ግን በየትኛውም ቃል ቢጻፍ፣ በግጥምም ቢሆን፣ ይውጣ።


ቃል_በቃል፦

በሁለተኛው እስማማለሁ። በመጀመሪያው አልስማማም፣ እንዲያውም አጥብቄ ነው የማልስማማው።

ፀያፍ ቃል ለሕግ ሲሆን ችግር የለውም የሚለው ነገር በወረቀት ላይ ያምራል። ግሩፕ ውስጥ ግን ሕጉን የሚደግፍ ሰው አለ። "ይሄ እንትን ሕግ" ስትለው ደጋፊው "እንትን ደጋፊ" ብሎ ነው የሚያነበው። መልስ ይጽፋል፣ እሱም ቃል ይጨምራል፣ ሦስተኛው ይገባል፣ ከዛ በኋላ ስለ ግብር የሚያወራ የለም።

ይሄ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የዊስኮንሲን ማዲሰን ተመራማሪዎች 2013 ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ስለ ናኖቴክኖሎጂ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ለሰዎች አስነበቡ። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነው። የተለያየው ከሥሩ ያለው ኮሜንት ነው፤ ለአንዳንዱ በጨዋ ቋንቋ፣ ለአንዳንዱ በስድብ። ስድቡን ያነበቡት ስለ ቴክኖሎጂው አደጋ ያላቸው አመለካከት ወደ ሁለት ጫፍ ተራራቀ። ጽሑፉ ላይ አንዲት ፊደል ሳትቀየር። ናኖቴክኖሎጂ እኮ ነው! ማንም ለማንም ያልተሰለፈበት ጉዳይ። ፖለቲካ ሲሆን አስቡት።

ሌላም አለ። የስታንፎርድና የኮርኔል ተመራማሪዎች 2017 ላይ ኮሜንት ላይ የሚሳደቡ ሰዎች የተለዩ ክፉ ሰዎች ናቸው ወይ ብለው አጠኑ። ያገኙት፣ ማንም ተራ ሰው ሙዱ ከተበላሸ እና ከእሱ በፊት የጻፈው ሰው ተሳዳቢ ከሆነ እሱም ሊሳደብ እንደሚችል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ፀያፍ ቃል ለቀጣዩ ተሳዳቢ በሩን ትከፍትለታለች። ጸሐፊው ማንንም ሳይነካ ቢጽፋትም።

ደግሞ የለቀቀውን ልጅ ሁላችንም አየነው፣ ተናግሮ ነው የወጣው። ሳይናገሩ የሚወጡትን ማን ይቆጥራቸዋል? ብዙ ግሩፕ ውስጥ ሴቶች ናቸው መጀመሪያ ዝም የሚሉት። ገብተን ሁለት መስመር እንጽፋለን፣ አንዱ መጥቶ ስለ ሐሳባችን ሳይሆን ስለ እኛ ይጽፋል፣ በቃ ከዛ በኋላ አንባቢ ብቻ እንሆናለን። አድሚኑ "ግሩፑ ደህና ነው፣ ሰላም ነው" ይላል። ሰላሙ የኛ ዝምታ ነው።

የእንግሊዝን ፓርላማ እዩ። አባላቱ እርስ በርሳቸው "አንተ" አይባባሉም። ሁሉም ለአፈ ጉባኤው ነው የሚናገረው፣ ተቃዋሚውን "የተከበሩት አባል" እያለ በሦስተኛ ሰው ይጠራዋል። ሌላውን አባል ውሸታም ማለት አይቻልም፣ ሰክረሃል ማለትም አይቻልም። "መልሰው" ይባላል፣ ካልመለሰ ይወጣል። ክርክሩ ግን ለስላሳ ነው ያለ ማን ነው? ሥጋ የሚቆርጥ ክርክር ነው። ቃሉ ስለተገራ ሐሳቡ አልተገራም።


ማዶ_ተመልካች፦

የፓርላማውን ምሳሌ ስላነሳሽው ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሐምሌ 2021 ላይ ዶውን በትለር የምትባል የምክር ቤት አባል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ምክር ቤቱን ደጋግመው ዋሽተዋል አለች። መልሺው ተባለች። አልመልስም አለች። ከምክር ቤቱ እንድትወጣ ታዘዘች። ዋሹ የተባሉት ሰውዬ ግን የትም አልወጡም። ቃል የሚጠብቅ ሕግ መጨረሻው ይሄ ነው። ዋሽቷል ያለው ይባረራል፣ ተዋሽቷል ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል።


ቃል_በቃል፦

ታሪኩን መሃል ላይ አቆምከው። ያው ምክር ቤት የራሱ አጣሪ ኮሚቴ አለው። ሰኔ 2023 ላይ በሌላ ጉዳይ፣ በወረርሽኙ ጊዜ ስለተደረጉት ግብዣዎች፣ ጆንሰን ምክር ቤቱን ሆን ብለው አሳስተዋል ብሎ በጽሑፍ ደመደመ። ማስረጃ ተሰብስቦ፣ ሰዎች ተጠይቀው፣ እሳቸውም መልስ ሰጥተው። መድረኩ ላይ "ውሸታም" ማለት ተከለከለ እንጂ ውሸትን ማጋለጥ አልተከለከለም። ልዩነቱ ማስረጃ ማምጣት ነው።

ለግሩፕም የምለው ይሄንኑ ነው። "ውሸታም ነህ" ካልከኝ የምንከራከረው ስለ እኔ ሆነ። እናቴም አባቴም ይገባሉ። "ይሄ ያልከው ትክክል አይደለም፣ ሰነዱ የሚለው እንዲህ ነው" ካልከኝ ግን ወይ ሰነዱን እቀበላለሁ ወይ ሌላ ሰነድ አመጣለሁ። ሌላ መውጫ የለኝም። ለተከራካሪው ራሱ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ አንዴ ውሸታም ካልከኝ በኋላ ሰነድህን ማን ያነብልሃል?


ማዶ_ተመልካች፦

ይሄኛውን እቀበላለሁ። ግሩፕ ውስጥ ካለ ሰው ጋር ሲሆን ትክክል ነሽ። ለሕጉ የተሰጠችዋን ቃል በተመለከተ ግን አቋሜ ያው ነው።


ዝም_አልልም፦

ሁለታችሁም በደንብ ነው የተከራከራችሁት፣ ግን አንድ ነገር ዘለላችሁ። ማን ነው የሚናደደው?

ጉዳዩ የማይነካው ሰው ሁልጊዜ ረጋ ብሎ መናገር ይችላል። የግብር ሕጉ ሥራውን የማይዘጋበት ሰው ስለ ሕጉ በጣም ሥርዓት ባለው ቋንቋ ይጽፋል፣ ምን ቸገረው። ሥራው የሚዘጋበት ሰው ግን ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከዛ ተነስታችሁ "ቋንቋህን አስተካክል፣ ከዛ እንሰማሃለን" ስትሉት የምትሉት ሌላ ነገር ነው፦ መጀመሪያ አትጎዳ፣ ከዛ እናወራለን።

ማርቲን ሉተር ኪንግ 1963 ላይ በርሚንግሃም ታስሮ ሳለ ለሃይማኖት መሪዎች የጻፈው ደብዳቤ አለ። እነሱ ሰልፉ ጊዜውን ያልጠበቀ ነው፣ ረጋ በሉ ነው ያሉት። እሱ የመለሰው በግልጽ ከሚጠሉን ይልቅ ከፍትሕ በላይ ሥርዓትን የሚመርጡ ለዘብተኞች አስቸግረውናል ብሎ ነው። ልብ በሉ፣ ደብዳቤው ራሱ በጣም የታነጸ ነው፣ አንድም ስድብ የለበትም። እንዲህ የሚጽፈው ሰው እንኳ "አክራሪ" ተብሎ ነበር። ስለዚህ ጨዋ ሆነህ ጻፍ ስለተባለ ሰው ጨዋ ሆኖ ስለጻፈ ብቻ ይደመጣል ማለት አይደለም።

"ተረጋጋ" የሚለው ቃል ራሱ እኮ መሣሪያ ነው። አንዱ ሆን ብሎ ዳር ዳሩን ይነካካሃል፣ ሙድ ይይዝብሃል፣ አሽሙር ይጥላል፣ አንተ ስትፈነዳ ስክሪንሾት ያነሳና "አያችሁት?" ይላል። ቦቱ አንተን ያጠፋል። ቆስቋሹ ንጹሕ ነው። አወያይዋ፣ እባክሽ አንድ መልእክት ከማጥፋትሽ በፊት ከሱ በላይ ያሉትን ጥቂት መልእክቶች አንብቢ። ይሄን ብቻ ነው የምለምንሽ።


አንቀጽ20፦

አጭር ነገር ከሕግ ወገን ልጨምር።

የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን (1966) አንቀጽ 19 ላይ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያስቀምጣል። አንቀጽ 20 ላይ ደግሞ በብሔር፣ በዘር ወይም በሃይማኖት ላይ ተመሥርቶ መድልዎን፣ ጠላትነትን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ የጥላቻ ቅስቀሳ በሕግ ይከልከል ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ሁለቱን ለማስታረቅ በተባበሩት መንግሥታት በኩል 2012 ላይ የራባት የድርጊት መርሐ ግብር የሚባል ሰነድ ወጣ። አንድ ንግግር ወንጀል እስከመሆን ደርሷል ወይ ለማለት ስድስት ነገር እዩ ይላል፦ ጊዜውና ሁኔታው፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ዓላማው ምን እንደነበር፣ ይዘቱና አቀራረቡ፣ ምን ያህል ሰው ጋር እንደደረሰ፣ ጉዳት የማስከተል ዕድሉ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ።

ይሄ ለፍርድ ቤት የተሠራ ከፍ ያለ መስፈርት ነው። ግሩፕ ፍርድ ቤት ስላልሆነ ከዚያ በጣም ባነሰ ነገር መልእክት ማንሳት ይችላል፣ ማንንም አላሰረም። ግን ጥያቄዎቹ ለአድሚንም ይጠቅማሉ። በተለይ "ተናጋሪው ማን ነው" የሚለው። አንድ ሰው ከመናደዱ የተነሳ አንዴ የወረወረው ዓረፍተ ነገርና ሰው የሚሰማው፣ ላይክ የሚጎርፍለት ሰው በእርጋታ ጽፎ የለጠፈው እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ይከብዳል። ብዙ አድሚን ግን የሚፈርደው በተቃራኒው ነው።


የድሮ_አድሚን፦

ሰላም እህቴ። ለብዙ ጊዜ ትልቅ የውይይት ግሩፕ አወያይቻለሁ፤ ስለ መርሑ ሌሎቹ በደንብ ስላሉት እኔ ስለ አሠራሩ ላውራ።

ቦቱን ከዳኝነት አንሺው። ቃል ሲያገኝ ለአድሚን ይጠቁም፣ አያጥፋ። የሚያጠፋው ሰው ይሁን። ስታጠፊ ደግሞ ለምን እንዳጠፋሽ በአንድ መስመር ንገሪው፣ በውስጥ መስመር። "ከዚህ ላይ ይቺን ሐረግ አውጥተህ መልሰህ ለጥፈው፣ ሌላው ጥሩ ነው" በይው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሰው ግን መልእክቱ ዝም ብሎ ሲጠፋበት አፉን የያዙት ነው የሚመስለው፣ ምክንያት ሲነገረው ግን አብዛኛው አስተካክሎ ይመልሳል። ትዊተር 2021 ላይ ይሄን የሚመስል ነገር ሠርቶ ነበር፤ ኃይለ ቃል ያለበት መልስ ልትልክ ስትል "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ይጠይቃል። ከተጠየቁት 34 በመቶዎቹ ወይ መልሳቸውን አስተካክለዋል ወይ ጨርሶ ሳይልኩ ቀርተዋል ብሏል ኩባንያው። ክልከላ አይደለም፣ ጥያቄ ብቻ ነው።

ነገር ሲከር ስሎው ሞድ ክፈቺ፣ ሰው ከአንድ መልእክት ወደ ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርገውን። ቴሌግራም ላይ ከጥቂት ሴኮንድ እስከ 1 ሰዓት ድረስ መምረጥ ይቻላል። እኔ 5 ደቂቃ ነበር የማደርገው። አንድ ሰው 5 ደቂቃ ጠብቆ አንድ መልእክት ብቻ መላክ ከቻለ ያንን አንድ መልእክት ያስብበታል። ሦስት መስመር የነበረው ክርክር አንቀጽ ይሆናል። ከሰው ማባረር፣ ከማስጠንቀቂያ፣ ከሕግም ሁሉ በላይ የሠራልኝ ይሄ ነው፣ ማንንም ሳያስቀይም። ሰውም አይቃወመውም፣ ምክንያቱም ከአድሚን በቀር ሁሉም ላይ እኩል ነው የሚሠራው። ሌላው ጥቅሙ፣ ፈጣን ጸሐፊዎች ሜዳውን ብቻቸውን አይይዙትም። ቀስ ብለው የሚጽፉ፣ ሥራ ላይ ሆነው በመሃል የሚያዩ ሰዎች ደርሰው ይገባሉ። ቃል_በቃል ያነሳቻቸው ዝምተኞች እኔ ጋ መጻፍ የጀመሩት ስሎው ሞድ ከገባ በኋላ ነው።

ከዛ ደግሞ ይሄን አጥብቂ፦ አድሚን በተከራከረበት ክርክር ላይ አይፍረድ። አንቺ ስለ ግብር ሕጉ ሐሳብ ካለሽ ጻፊ፣ መብትሽ ነው። ግን በዛ ክር ላይ የሚጠፋ ነገር ካለ ሌላ አድሚን ያጥፋው። ሌላ አድሚን ከሌለሽ ሹሚ፣ የሚቻል ከሆነ በፖለቲካ የማትስማሙትን ሰው። ሁለታችሁም የተስማማችሁበት ብቻ ከጠፋ ማንም "ለወገኗ አዳላች" ሊል አይችልም።

ያንን ረጅም ጽሑፍ በተመለከተ፣ ሙሉውን አታጥፊው ብዬ ነው የምመክርሽ። ውስጡ ክርክር ካለ ክርክሩ ይቆይ። "በሽታ" እና "ይጽዱ" የሚለውን አውጣና መልሰው በይው። እምቢ ካለ ያኔ አጥፊ። ብዙ ጊዜ ያቺ ዓረፍተ ነገር ስትወጣ ጽሑፉ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ራሱ ጸሐፊውም ያየዋል።


ማዶ_ተመልካች፦

ስሎው ሞድ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ላይክ። 2017 ላይ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር፣ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻና ስለ አየር ንብረት የተጻፉ እጅግ ብዙ ትዊቶችን አይተው፣ ስሜትና ፍርድ የተቀላቀለባት አንዲት ቃል በተጨመረች ቁጥር መልእክቱ የመሰራጨት ዕድሉ በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል ብለዋል። የሚሰራጨው ደግሞ በአብዛኛው በራስ ወገን ውስጥ ነው። ላይክ የሚሰጥሽ ሰው አስቀድሞ ከአንቺ ጋር የተስማማ ነው። ስለዚህ አወያይዋ፣ ሪአክሽኑን በፖለቲካ ክር ላይ መዝጋት ቢቻል አስቢበት። ያ ረጅም ጽሑፍ ላይኩ ባይደረደርለት ኖሮ ያቺ ልጅ "እኔንም ይጨምራል?" ብላ ከመጠየቋ በፊት አንድ ሰው እንኳ መልስ ይጽፍለት ነበር ብዬ አስባለሁ።


አወያይዋ፦

እንዴት ልበላችሁ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እስከ አሁን የገባኝን ረቂቅ አድርጌ ላስቀምጠው፣ አርሙልኝ።

"ሕግን፣ ውሳኔን፣ ፓርቲን፣ ባለሥልጣንን በሥራው መውቀስ ይቻላል። ጠንካራ ቃል ብቻውን መልእክት አያስጠፋም። ግሩፑ ውስጥ ላለ ሰው ስትመልስ ስለተናገረው ተናገር፣ ስለ እሱ አትናገር። ያለው ስህተት ነው ካልክ ምክንያትህን አምጣ። ሰዎችን በጅምላ ከሰው በታች የሚያደርግ ንግግር በየትኛውም ቃል ቢሆን ይወጣል። መልእክት ሲወጣ ምክንያቱ ለጸሐፊው ይነገራል፣ አስተካክሎ መመለስም ይችላል። የተከራከረ አድሚን አይፈርድም።"

ቃል_በቃል፣ "ጠንካራ ቃል" ላይ እንደማትስማሚ አውቃለሁ። የመጀመሪያዋ ቃል በሩን ትከፍታለች ያልሽው ከአእምሮዬ አልወጣም። ለዛ ነው ስሎው ሞዱን አብሬ የማስገባው። ሰው ይናደድ፣ ግን ቀጣዩ ሰው ወዲያው ተቀብሎ እንዳያባብሰው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ዝም_አልልም ያነሳው አሽሙር። ሰዎች የወገኑን ስም አይጠሩም። "የታወቁት ሰዎች" ይላሉ፣ "እነ እንትና" ይላሉ፣ ቅጽል ስም ያወጣሉ። ሁሉም ማንን እንደሆነ ያውቃል። ስጠይቃቸው "እኔ ማንንም አልጠራሁም፣ ራስሽ ነሽ የተረጎምሽው" ይሉኛል። ይሄን በምን ሕግ እይዘዋለሁ?


ቃል_በቃል፦

ረቂቁ ጥሩ ነው። ባልስማማም አብሬው መኖር እችላለሁ፣ ስሎው ሞዱ ካለ። "ስለተናገረው ተናገር" የምትለዋን መጀመሪያ ላይ አድርጊያት፤ ሰው ሕግ ሲያነብ ከመጀመሪያው መስመር አያልፍም።


የድሮ_አድሚን፦

ለአሽሙር ሕግ አትጻፊለት። ከጻፍሽለት ስለ ሕጉ ትርጉም ሲያከራክሩሽ ይውላሉ፣ እነሱም የሚፈልጉት እሱን ነው። ጥያቄ ነው የሚሻለው፣ በአደባባይ፣ እዛው ክሩ ላይ፦ "ማንን ማለትህ ነው? በስም ጻፈው።" ሌላ ምንም አትጨምሪ፣ አትውቀሺ። በስም ከጻፈው ሰዉ ሁሉ ያየዋል፣ ከዛ በረቂቅሽ ይዳኛል። ባለሥልጣንን ማለቱ ከሆነ ደግሞ ችግር የለም፣ በግልጽ ይቀጥል። "ማንንም አይደለም" ካለ፣ ማንንም የማይመለከት መልእክት ለክርክሩ ስለማያስፈልግ አንሺው፣ ምክንያቱንም እንደዚሁ ንገሪው። እኔ ጋ አብዛኛው ሰው ጥያቄውን ሲያይ ራሱ ነበር የሚያጠፋው።

ቅጽል ስሙ ግን ለየት ይላል። አንድ ቅጽል ስም ተጠሪዎቹ ራሳቸው የማይጠሩበት ከሆነ በሌላኛው ስማቸው ጥሯቸው በሉ፣ አለቀ። ማን አወጣው፣ ትርጉሙ ምንድነው እያላችሁ አትግቡበት።


ዝም_አልልም፦

የድሮ_አድሚን፣ ጥያቄው ለሁለቱም ወገን ይቅረብ ብቻ። አንዱን ወገን "በስም ጻፈው" እያላችሁ ሌላውን ካለፋችሁት እሱም ራሱ አሽሙር ይሆናል።


የድሮ_አድሚን፦

ልክ ነህ። ለዛ ነው ሁለተኛ አድሚን ያልኩት። አንዷ ያለፈችውን ሌላው ይጠይቃል።


አወያይዋ፦

ሁለተኛ አድሚን አግኝቻለሁ። በግብር ሕጉ ላይ ከእኔ ጋር ጨርሶ አይስማማም፣ ጥያቄዬን ስነግረው ግን ወዲያው እሺ አለኝ። ረቂቁን እሱም አይቶት ነገ እንለጥፈዋለን። "ስለተናገረው ተናገር" መጀመሪያ ላይ ገብታለች።